የሎሃንዲ ወንበርና የሙሽራዋ ሩዝ

ባሩሃቱ፣ ማርች 9 ቀን 1974

በባሕሩ ዳር ላለሽው ልጄ ለቫናጃ፤

እንዴት ሰነበትሽ? አባትሽ፣ እናትሽ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ። የመሁዋው ዛፍ አበባ መርገፍ ጀምሯል። ዘንድሮ በዝቷል፤ ግቢው ሁሉ ይሸታል፣ አንቺ "ራሴን ያዞረኛል" የምትዪው ሽታ። አበባውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ዶሮ እየከለከልኩ ነው የምጽፍልሽ። አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ መማሬን ታውቂያለሽ። እጄ ቀርፋፋ ነው። አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ጠበቃሽ የላከው ወረቀት ደርሶኛል። ፖስተኛው የሰጠኝ መንደሩ ሁሉ እየሰማ ነው። "እማማ ሳልጊ፣ የራንቺ ፍርድ ቤት ይፈልግሻል! ማንን ገደልሽ?" አለኝ። "ገና ነኝ፣ ከአንተ ልጀምር እያሰብኩ ነው" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማርች 29 ቀን እንድቀርብ ይላል። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ለልጄ ለሳኒካ በተዳርሽ ቀን ሽማግሌዎቹ የሠራሽውን ሩዝ በልተዋል ወይ? እኔስ በልቻለሁ ወይ? አባቱ በሕይወት ስላልነበረ የቤቱ ትልቅ እኔ ነበርኩ፤ መጀመሪያ መብላት ያለብኝም እኔ። በላሁ ካልኩ አንቺ የሱሪን ጎሳ ሰው ነሽ። ያኔ የምርጫ ሹሙ የእጩነት ማመልከቻሽን መጣሉ ስህተት ይሆናል፤ ያሸነፈው ዱብራጅ ከወንበሩ ይወርዳል፤ ምርጫው ይደገማል። አልበላሁም ካልኩ ግን አንቺ ዲኩ ነሽ፣ ከውጭ የመጣሽ ሰው። የሎሃንዲ የፓርላማ ወንበር ለአዲቫሲ፣ ለእኛ ለነባሮቹ ጎሳዎች ብቻ የተከለለ ነውና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠበቃሽ "አጭር ጥያቄ ነው፣ አይጨነቁ" ብሎ ጽፏል። ለእሱ አጭር ነው።

መልሴን ከመንገሬ በፊት ስለዚህ ወንበር ልንገርሽ። ሳኒካ ብዙ እንደነገረሽ አውቃለሁ። እሱ የሚያውቀው ከመጽሐፍና ከስብሰባ ነበር። እኔ የማውቀው በእግሬ ነው። ደግሞም አንቺ ሳትመጪ ብዙ ዘመን እዚህ እንደነበርኩ ይታወቅልኝ።

በመጀመሪያው ምርጫ፣ በ52፣ ሎሃንዲ ሁለት ወንበር ነበራት። አንዱ ማንም የሚቀመጥበት፣ አንዱ የእኛ። ስም የሚመዘግበው ጸሐፊ ከከተማ መጣና በሮቃው ዛፍ ስር ተቀመጠ። "ስምሽ ማን ነው?" አለኝ። "የሳኒካ እናት።" "የራስሽን ነው የምልሽ።" "እሱ ነው የራሴ" አልኩት። ሳቀና እንዳልኩት ጻፈው። ያኔ ለማያውቁት ወንድ ስሟን የምትናገር ሴት በመንደራችን አልነበረችም፤ ሁሉም የእገሌ እናት፣ የእገሌ ሚስት እያሉ ነው የተመዘገቡት። የምርጫው ቀን አዲስ ሳሪ ለብሼ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዤ ስደርስ መዝገቡ ላይ ተሰርዣለሁ። ሁላችንም ተሰርዘናል። ጸሐፊው "እናት ድምፅ አይሰጥም፣ ስም ነው የሚሰጠው" አለን። ሳኒካ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ከሰውየው ጋር ሊደባደብ ምንም አልቀረውም። በመስኮት ሆኜ ሣጥኖቹን አየኋቸው። በየሣጥኑ ላይ የፓርቲው ሥዕል ተለጥፏል፤ የእኛው ከበሮ አለበት፣ የሌሎቹ መሰላል። ያን ዕለት ከበሮው ያለ እኔ አሸነፈ። እጩአችን የነበሩት የድሮ አስተማሪያችን ዴልሂ ፓርላማ ገቡ።

በ57 ስሜን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሳልጊ። ጣቴ ላይ ቀለም ቀቡኝ፤ እስኪለቅ ድረስ በዚያ እጄ ሩዝ አላጠብኩም።

በ62 ሁለቱን ወንበሮች ለያዩዋቸው፤ ሎሃንዲ የእኛ ብቻ ሆነች። ጨፈርን። ሞኞች ነበርን ልጄ። ነጋዴዎቹ ራሳቸው መቆም ሲከለከሉ የሚቆምላቸው ሰው መፈለግ ጀመሩ። የዛፍ ሙጫ ነጋዴው ኪሾሪ ላል ከእኛው መካከል አንዱን ጫማ አልብሶ በመሰላሉ አቆመውና አሸነፈ። ሰውየው አምስት ዓመት ሙሉ ዴልሂ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አልተናገረም። ማንኪ ጉርቱ፣ የአሥራ ሁለቱ መንደር አለቃችን፣ "እባካችሁ ምላሱን ባቡር ላይ ረስቶ እንደሆነ ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁለት" ይሉ ነበር።

በ67 ሳኒካ ቆመ። ጂፕ የለ፣ ብር የለ። እሱ ይናገራል፣ እኔ ከበሮውን ተሸክሜ ከኋላ እሄዳለሁ። አርባ መንደር በእግራችን ዞርን። ወንዝ ስንሻገር "እማ፣ ከበሮውን ልያዝልሽ" ይለኛል፤ "እጩ ከበሮ አይሸከምም" እለዋለሁ። በስድስት መቶ አሥራ ሁለት ድምፅ ተሸነፈ። ቆጠራው ያለቀ ቀን ከእኔ ጋር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ የሩዝ ጠላ ቀዳሁለት፤ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ ተኛ። ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

በ71 ሲያሸንፍ ጂፕ ነበር። ከፊት እሱ፣ አጠገቡ አንቺ። እኔ ከኋላ ከድምፅ ማጉያው ጋር። ሲሸነፍ የእኔ ነበር፤ ሲያሸንፍ ያንቺ ሆነ። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ወረቀት ላይ ሳየው ያሳፍራል፣ ግን አልሰርዘውም።

ማርች 11

ትናንት አልጻፍኩም። ፍየሏ ወለደች።

አሁን ስለ ሩዙ።

በ68 ከራንቺ ይዞሽ መጣ። አስተማሪ ነሽ፣ ቀጭን ነሽ፣ ከሁሉም በላይ ከማንም ያልሆንሽ ዲኩ ነሽ። ሰው ሲያጉረመርም ማንኪ ጉርቱ፣ "ሩዝ ታብስልልን፤ ከበላንላት የእኛ ናት፣ ካልበላንላት የመጣችበት ባቡር አለ" አሉ። አንቺ ግቢው ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጎልተሽ ጢስ እያስለቀሰሽ ስታበስይ እኔ ከቤት ውስጥ አይሽ ነበር። በቅጠል ሳህን አቀረብሽ። መጀመሪያ ለእኔ፣ በጉልበትሽ ተንበርክከሽ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል።

ሳኒካን አየሁት። እሱ የሚያየው እኔን አልነበረም። እጅሽን ነው የሚያየው፤ ሳህኑ እንዳይወድቅብሽ እየጸለየ።

አንድ እፍኝ አነሳሁ፣ አፌ ድረስ አደረስኩ፣ አላመጥኩም፣ አልዋጥኩም። ሳሪዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ እጥፋቱ ውስጥ ጣልኩት። ከበሮው ተመታ፣ ሽማግሌዎቹ በሉ፣ አንቺ ከደስታ የተነሳ እግሬ ላይ ተደፍተሽ አለቀስሽ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ሩዙን ለዶሮዎቹ በተንኩት። ማንም አላየኝም። አንቺ በላች ብለሽ ነው ስድስት ዓመት የኖርሽው። እኔ ደግሞ ስታስቀይሚኝ "እስቲ ታስቀይመኝ፣ መቼ በላሁላትና" እያልኩ በልቤ እስቅ ነበር።

ከዚያ ያለፈው ኦገስት መጣ። ልጄ ዴልሂ ሆስፒታል ሞተ፤ አስከሬኑን እዚያው አቃጠሉት፤ አጥንቱን በማሰሮ አድርገሽ ጭንሽ ላይ ይዘሽ መጣሽ። ማሰሮው ይኸው ከጣሪያዬ ጠርዝ ስር ተንጠልጥሏል፤ የአባቶቹ አጥንት ያረፈበት የጎሳው ድንጋይ ተነስቶ እስኪቀበር ይጠብቃል። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ያንቺን እጅ ይዞ ነበር የሚያለቅሰው። የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች በአራት መኪና መጥተው፣ "መበለቲቱ ትቁምልን፣ ሕዝቡ አዝኖላታል" አሉ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ "እማማ፣ ውሃ ይኖራል?" አለኝ። ውሃ ሰጠሁት።

ፖስተሩን አስታውሺ። ሳኒካ ያሸነፈ ቀን ሦስታችን የተነሳነው ፎቶ ነው። እሱን መሃል፣ አንቺን በቀኝ አድርገው በግራ በኩል ቆረጡት። ትከሻው ላይ አራት ጣት ቀርቷል። የእኔ ጣቶች ናቸው። በየግድግዳው፣ በየዛፉ፣ በአውቶቡሱ ጀርባ፣ አንቺ በሙሉ ፊትሽ፣ እኔ በአራት ጣት።

በዚያው ሰሞን አንድ ሐሙስ ገበያ ሄድኩ። የዱብራጅ እህት ፉልማኒ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ወንድሟን ኪሾሪ ላል በመሰላሉ ሊያቆመው መሆኑ ታውቆ ነበር። ስታየኝ፣ "ሳልጊ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ምራትሽ ልጅሽን ልትሆን ነው አሉ። አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው፣ ሻይ አፍይ?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ።

"የቷ ምራት?" አልኩ። "ሩዟን እንኳ ያልበላሁላት ምራት!"

"እንዴ? በሰርጉ ቀን አልበላሽም?"

"ዶሮዎቼን ጠይቂያቸው።"

ይህን ነው ያልኩት ቫናጃ። ለዱብራጅ ሰዎች ማን እንደነገራቸው ስትፈልጊ ከርመሻል። ጎረቤቴን ጠርጥረሻል፣ ማንኪን እንኳ ጠርጥረሻል። እኔ ነኝ። ከአፌ ሲወጣ ጣፋጭ ነበር፤ ሽንኩርቱን ይዤ ቤቴ እስክደርስ ድረስ ጣፈጠኝ።

በአራተኛው ቀን የምርጫ ሹሙ ማመልከቻዎቹን ሲመረምር የዱብራጅ ጠበቃ ተነሳ። "ይህች ሴት ዲኩ ናት። ሥርዓቱ አልተፈጸመላትም፤ የገዛ አማቷ አልበላችላትም" አለ። አንቺ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ "በልታለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አልሽ። ሹሙ መነጽሩን አውልቆ፣ "አማትየዋ እዚህ አሉ?" አለ። እኔ በር አጠገብ ነበርኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ሳሪዬን ጎተተችኝ። አንቺ ዞረሽ አየሽኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሹሙ ትንሽ ጠበቀና ወረቀትሽ ላይ ማህተም መታበት።

ዱብራጅ ተፎካካሪ የሌለው ያህል አለፈ። የኪሾሪ ላል ሙጫ አሁን በዱብራጅ ጂፕ ይጫናል። አንቺ አንድ ሳጥን ይዘሽ ወደ አባትሽ ሄድሽ። ስትሄጂ እግሬን ነክተሽ "ደህና ሁኚ እማ" አልሽኝ፤ እኔም "በደህና ግቢ" አልኩ። በቃ ይህን ብቻ።

አሁን ፍርድ ቤቱ እውነቱን ይፈልጋል። ፉልማኒም ትጠራለች፤ የዶሮዎቹን ነገር ለዳኛው በደስታ ትነግረዋለች። ማንኪ ደግሞ "ስትበላ አይቻለሁ" ብለው ሊምሉ ተዘጋጅተው ነበር፤ እሳቸውም ያዩ መስሏቸው ነው። በላሁ ብል የሚያምነኝ አላጣም። ግን ማሰሮው ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ በየቀኑ ከስሩ አልፋለሁ። መዋሸት አልቻልኩም። አልበላሁም ብዬ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ውሸት መሆኑ ገባኝ።

አንድ ነገር አለና። አንቺም አስበሽው አታውቂም፤ ላንቺ ተራ ነገር ነበር።

በ69 ክረምት ታይፎይድ ጣለኝ። ሳኒካ ለስብሰባ ሄዶ ጎርፉ መንገዱን ዘግቶበት ነበር። ዘጠኝ ቀን አንቺና እኔ ብቻ። ሩዝ እስኪልም ቀቅለሽ፣ ጨው ጨምረሽ፣ ጭንቅላቴን ክንድሽ ላይ አድርገሽ በጣትሽ ታጎርሺኝ ነበር። መጀመሪያ ጥርሴን ገጠምኩብሽ። "እማ፣ ሳኒካ መጥቶ ከስተሽ ቢያይሽ እኔን ነው የሚገድለኝ፤ ለእኔ ስትዪ ብዪ" አልሽኝ። በላሁ። ዘጠኝ ቀን በላሁ። ድኜ ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ "ጎረቤቴ ናት ያስታመመችኝ" አልኩ። አንቺ ውሃ ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ነበር፤ ሰምተሻል።

ዛሬ ጠዋት ማንኪ ጉርቱ ቤት ሄድኩ። ወንፊት ይጠግናሉ።

"ማንኪ፣ ከሰርጉ በኋላ የተበላ ሩዝ ይቆጠራል?" አልኳቸው።

"በማን ፊት?"

"በማንም ፊት። እኔና እሷ ብቻ።"

"ስንት እፍኝ?"

"አልቆጠርኩም። ዘጠኝ ቀን ነው።"

ወንፊቱን አስቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሪውን፣ ዶሮዎቹን፣ ገበያውን። ተቆጥተው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እስኪያስላቸው ሳቁ። "እኛ ሽማግሌዎች በአንድ ጉርሻ ተቀበልናት ብለን ከበሮ መታን፤ አንቺ ዘጠኝ ቀን ስትጎርሺ ከርመሽ አልበላሁም ትያለሽ? ሆዳም!"

"ታዲያ ይቆጠራል?"

"የታመመ ሰው ከዲኩ እጅ ውሃ የማይቀበልባት መንደር ናት ይህች። አንቺ ከእሷ እጅ ሩዝ ተቀብለሻል። ከዚህ በላይ ምን ይቆጠር?" ከዚያ ሳቃቸውን ተዉ። "ግን ሳልጊ፣ ይህን ስትናገሪ ገበያ ላይ ያልሽውንም መናገርሽ ነው። ልጇ በሞተ በሁለተኛው ወር ምራቷን ለኪሾሪ ላል የሸጠች ይሉሻል። ፉልማኒ እስክትሞቺ አትለቅሽም።"

"አውቃለሁ።"

"ፓርቲውም ይጠላሻል።"

"አውቃለሁ አልኩ እኮ! ምክር አይደለም የጠየቅሁዎት፤ ይቆጠራል ወይ ነው ያልኩት።"

"ይቆጠራል" አሉ። "ራንቺ አብሬሽ እሄዳለሁ። ፍርድ ቤትም እኔ እንደ ማንኪ ይቆጠራል እላለሁ። የአውቶቡሱን በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ግን ለእኔ ትተዪልኛለሽ።"

ስለዚህ ለጠበቃሽ ንገሪው። በሰርጉ ቀን አልበላሁም እላለሁ። በ69 በላሁ እላለሁ። በማን እጅ፣ ስንት ቀን፣ ጨው እንደነበረበት ሁሉ እናገራለሁ። ገበያ ላይ ያወራሁትም እኔ መሆኔን፣ ሹሙ ሲጠይቅ በር ላይ የነበርኩትም እኔ መሆኔን። ጠበቃሽ ይህ ይጎዳናል ካለ ሌላ ምስክር ይፈልግ፤ እኔ የማውቀው ይህንን ነው።

በድንገት የወደድኩሽ እንዳይመስልሽ። ምርጫው ቢደገም ታሸንፊያለሽ፤ ሰው ሁሉ ይናገራል። ያኔ ዴልሂ እሱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ። ሬዲዮው "የሎሃንዲ ተወካይ" ሲል አንቺን ማለቱ ይሆናል። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወዳንቺ ይመጣሉ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ያንን እሰማለሁ፤ አንጀቴም እርር ይላል፤ ከአሁኑ እያረረ ነው። ቅናቴ የትም አልሄደም ልጄ፤ ራንቺም አብሮኝ ይሳፈራል፣ የቦታ እንኳ አይከፍልም። ግን ዱብራጅ እዚያ ወንበር ላይ ሲያዛጋ ከማይ አንቺ ተቀምጠሽ እኔ ብቃጠል ይሻለኛል። እሱ ወንበሩን የሚያውቀው በኪሾሪ ላል በኩል ነው። አንቺ በሳኒካ በኩል ነው የምታውቂው። ያም ሆኖ መጀመሪያ በእኔ በኩል መሆን ነበረበት።

ወረቀቱ እያለቀ ነው፤ አንድ ነገር ልለምንሽ። የምስክርነቴ ዋጋ አድርገሽ እንዳታዪው። መልስ ብትጽፊልኝም ባትጽፊልኝም በ29 ራንቺ እገኛለሁ።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን አብረሽው ነበርሽ። እኔን አልጠራሽኝም። "እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ ይድናል ብለውኝ ነው" አልሽኝ፤ አምኜሻለሁ፤ ማመኔ ግን አልጠቀመኝም። እኔ ያለኝ ቴሌግራም ነው፣ ስድስት ቃል። ስለ እነዚያ ቀናት ጠይቄሽ አላውቅም፤ ካንቺ መቀበል ሞት መስሎኝ ነበር። አንቺም ሳልጠይቅሽ አልነገርሽኝም።

ከአሥራ አንዱ አንድ ቀን ስጪኝ። የመጨረሻውን አልልሽም፣ እሱ ላንቺ ይሁን። የመጀመሪያውንም አልፈልግም። ከመሃል ካሉት አንዱን፣ ምንም ያልተፈጠረበትን። ጠዋት ምን እንደበላ፣ መስኮቱ በየትኛው በኩል እንደነበር፣ ጢሙን ማን እንደላጨው፣ በምን እንደሳቀ ጻፊልኝ። እንዳለ ስጪኝና አንቺ ደግሞ በአሥር ኑሪ።

የአያቶቻችን መንፈስ ከባሕሩ ክፉ ነገር ይጠብቅሽ። ለአባትሽ ዕድሜ ይስጥልሽ፤ እናትሽን ልጇን ከማጣት ይሰውራት። ከስተሽ እንዳትመጪ፤ ለእኔ ስትዪ ብዪ።

አማትሽ
ሳልጊ ሱሪን